አሥራ ሁለት ገጽ፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን አጭር ፊልም ሠርተን ነበር። አራታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን፣ ሲኒማን ግን ከተመልካች ወንበር በቀር የማናውቅ ነን። ልናስገባበት ያሰብነው ውድድር ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ፊልም አይቀበልም። ስክሪፕታችን በመጀመሪያ 10 ገጽ ነበር። ስለ ስክሪፕት አጻጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍና ቪዲዮ ሁሉ «አንድ ገጽ ማለት አንድ ደቂቃ ነው» ይላል። እኛም አመንን። አምስት ደቂቃ ተረፈን ብለን ተደሰትንና ሁለት ገጽ ጨመርን። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ለልጃቸው ምንም ምክር የማይመስል ምክር የሚሰጡበት ትዕይንት ነው። የጓደኛችንን አክስት ለምነን አመጣናቸው። በራሳቸው ጀበና፣ በራሳቸው ረከቦት፣ ለዚያ ቀን ብለው ካወጡት አዲስ ቀሚስ ጋር መጡ። ሳንቲም አልከፈልናቸውም። ቄጠማውን እንኳን የገዙት እሳቸው ናቸው።

ኤዲቲንግ አልቆ ሰዓቱን ስናይ 19 ደቂቃ።

እንግዲህ አራት ደቂቃ ከየት ይቆረጣል? ከዚህም ከዚያም ስንቆርጥ ታሪኩ አንካሳ እየሆነ አስቸገረን። በመጨረሻ ሳይነካ ሊወጣ የሚችለው አንድ ትዕይንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቡናው። አክስታችን (ከዚያ ቀን በኋላ የአራታችንም አክስት ሆነዋል) ፊልሙ በታየ ዕለት ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው መጡ። የሆነውን ለመተረክ አቅም የለንም፤ አንባቢ ራሱ ይሳለው።

መጀመሪያ የወቀስነው ተዋንያኑን ነበር፤ አነጋገራቸው ቀርፋፋ ነው አልን። ቀጥሎ ኤዲተሩን። ከሳምንታት በኋላ ግን ከመካከላችን አንዷ የስልኳን ሰዓት ከፍታ ስክሪፕቱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንዱ ገጽ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ወሰደባት። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። በሌላ አነጋገር ፊልሙ ገና ካሜራ ሳይነሳ 19 ደቂቃ ነበር። የተሳሳተው «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ሕግ ነው። ሕጉ ከየት እንደመጣ ስንፈልግ ደግሞ አንድ ፎንት ላይ ደረስን። ስሙ ኩሪየር ነው።

ኩሪየርን ስሙን ባታውቁትም መልኩን ታውቁታላችሁ። በፈረንጅ ፊልም ውስጥ የሰላይ ፋይል ሲከፈት የሚታየው፣ የጽሕፈት መኪና የመታው የሚመስለው ፊደል ነው። ሃዋርድ ኬትለር የሚባል ሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና ሠራው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው አስቀያሚ ነው ይለዋል። እኛም እንል ነበር። አስቀያሚ የሚያስመስለውን ነገር ምክንያቱን ካወቅን ወዲህ ግን አፋችንን ሰብስበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽሕፈት መኪና ጋሪ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ዓይነት እርምጃ ይራመዳል። የተመታው ፊደል ቀጭን ይሁን ወፍራም አያውቅም። በመጽሐፍ ላይ «አይ» የምትባለው የላቲን ፊደል እንደ እንጨት ቀጥ ያለች ስለሆነች ትንሽ ቦታ ይበቃታል፤ ሦስት እግር ያላት «ኤም» ደግሞ ሰፊ ቦታ ትይዛለች። በጽሕፈት መኪና ላይ ግን ሁለቱም እኩል ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ኮንዶሚኒየም በሉት። ላጤዋም ባለ ሦስት ልጇም ያው ስቱዲዮ ደርሷቸዋል። ስለዚህ ኬትለር ለቀጭኗ ፊደል ሰፊ ጫማና ባርኔጣ ሰጣት፣ ማለትም ከግርጌና ከራስጌ ወፍራም ሰረዝ አደረገላት፤ ክፍሏ ባዶ እንዳይመስል። የሰፊዋን እግሮች ደግሞ አጠጋጋቸው። ያ ወፍራም ጫማ ለጌጥ የገባ የሚመስለው ብዙ ነው። የገባው ግን ባዶ ቦታ ሊሞላ ነው። መስመሩም ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ነው፤ በመጻሕፍት ፊደላት ላይ የሚታየው የመቅጠንና የመወፈር ጨዋታ እዚህ የለም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ገጹ ምን ይሆናል? የሒሳብ ደብተር ይሆናል። በአንድ ኢንች (2.54 ሴንቲ ሜትር) ውስጥ ልክ 10 ፊደል ይገባል፤ ወደ ታች በአንድ ኢንች 6 መስመር። ጸሐፊዋ ገና ሳትመታ አርዕስቱ መሐል ላይ እንዲውል ስንት ክፍት ቦታ መተው እንዳለባት ቆጥራ ታውቃለች። የቁጥር ሰንጠረዥ ሲመታ አሃዱ ከአሃድ፣ አሥሩ ከአሥር ሥር ይሰለፋል። አንድ ፊደል ቢሳሳት እሱን አጥፍቶ በቦታው ሌላ መምታት ይቻላል፤ የቀረው መስመር ንቅንቅ አይልም። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ጓደኞቻችን እኩል ስፋት ካለው ፎንት የማይለዩትም ለዚህ ነው። ከአንድ ነጠላ ሰረዝ መሳሳት የተነሳ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድሩ ሰዎች እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ክፍል ቢኖረው ቅንጦት አይባልባቸውም።

አይቢኤም ፎንቱን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም። መብቱን አጥሮ ስላልያዘ ሌሎች የጽሕፈት መኪና ፋብሪካዎችም ወሰዱት። ቀጥሎ አታሚ ማሽኑ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ። በዊንዶውስ ላይ የምናውቀው «ኩሪየር ኒው» ግን የቤተሰቡ ከሲታ ልጅ ነው። የጽሕፈት መኪና ፊደል ሪባኑን ሲመታው ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ስለሚሰፋ ፊደሉ ብረቱ ላይ ሆን ተብሎ ቀጭን ተደርጎ ይቀረጻል። ኩሪየር ኒው የተቀዳው ከብረቱ ነው፤ ቀለሙ የሚጨምረው ውፍረት አልተጨመረለትም። ለዚህ ነው ወረቀት ላይ ሲወጣ ጾም የያዘ የሚመስለው። በ2013 ኩሪየር ፕራይም የሚባል በነፃ የሚወርድ ወንድም ተሠራለት፤ ስፋቱን ሳይለውጥ ሥጋ ሰጠው። ያሠሩት የስክሪፕት ጸሐፊዎች መሆናቸው አይገርምም።

የሆሊውድ ሰዎች ገጹን ወደ ሰዓት የለወጡት በዚህ ፎንት ነው። ኩሪየር፣ መጠን 12፣ የአሜሪካ ወረቀት (8.5 በ11 ኢንች)፣ ንግግሩ ከዚህ ጀምሮ እዚያ የሚያልቅ፣ የተዋናዩ ስም እዚህ ላይ። ሁሉም ሰው በዚህ ልክ ሲጽፍ አንድ ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይሆናል። በአማካይ ነው። «ጦርነቱ ተጀመረ» የምትል አንዲት መስመር አምስት ደቂቃ ልትፈጅ ትችላለች፤ በችኮላ የሚጣሉ ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ገጽ በአርባ ሰከንድ ይጨርሳሉ። ቢሆንም ፕሮዲዩሰሩ 110 ገጽ ሲቀበል የሁለት ሰዓት ያህል ፊልም እንደያዘ ሳያነበው ያውቃል። በጀት፣ የቀረጻ ቀን፣ የሠራተኛ ምሳ ሁሉ የሚሰላው ከዚያች ገጽ ነው።

ለኩሪየር ክፉዋ ዓመት 2004 ነበረች። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ ደብዳቤዎቹ በኩሪየር ኒው 12 መጻፋቸው ቀርቶ በታይምስ ኒው ሮማን 14 እንዲሆኑ አዘዘ። (ያ ሚኒስቴር በ2023 ወደ ካሊብሪ ሄዶ በ2025 መጨረሻ ወደ ታይምስ ተመልሷል፤ ፎንትም እንደ ሹመት ይገለባበጣል።) በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሆነው ግን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ልጆች የበለጠ ይመለከተናል። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን መስከረም 8 ቀን ፕሬዚዳንት ቡሽ በወጣትነታቸው ስለነበራቸው የወታደርነት አገልግሎት በ1972 እና 1973 ተጻፉ የተባሉ ማስታወሻዎችን አቀረበ። ምርጫው ሁለት ወር ነበር የቀረው። ፕሮግራሙ ካለቀ ሰዓታት ሳይቆጠሩ ብሎግ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ጥያቄ አነሱ፤ ፊደሎቹ ለምን እኩል አልሰፉም? የዚያ ዘመን የቢሮ ጽሕፈት መኪና አብዛኛው እኩል ስፋት የሚመታ ነው። ማስታወሻዎቹ ግን ኮምፒውተር ላይ በወርድ፣ በታይምስ ኒው ሮማን የተጻፉ ይመስሉ ነበር። ስፋት እየለዋወጡ የሚመቱ መኪናዎች በዚያን ጊዜም ነበሩና ክርክሩ በዚህ ብቻ አልተዘጋም። ሆኖም ጣቢያው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰነዶቹን እውነተኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አመነ። ታዋቂው ዜና አቅራቢ ዳን ራዘር በቀጣዩ መጋቢት ከዜና ወንበሩ ተነሣ።

እኛ ይህንን ታሪክ የሰማነው ከተመረቅን በኋላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ምንጭህን አረጋግጥ» ስንባል ኖረናል፤ የሰነዱን ፊደል ቀና ብለህ እየው ያለን ግን አልነበረም። የፊደል ስፋት ዘመን ይናገራል። ሰዓትም ይናገራል። እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ።

የእኛ ስክሪፕት የተጻፈው በኩሪየር ነው ብለን እናምን ነበር። የስክሪፕት ፕሮግራሙ ሳጥን ላይ «ኩሪየር» ተብሎ ተጽፏል፣ ምን እንጠራጠር? ነገር ግን ኩሪየር ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። አንድም። «ሀ» ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ሳይነግረን ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያመጣልናል፤ አንዱ ኮምፒውተር ኒያላን፣ ሌላው ኢብሪማን፣ ስልኩ ደግሞ ሌላ። ያው ስክሪፕት በአራታችን ኮምፒውተር ላይ አራት ዓይነት የገጽ ብዛት ነበረው። ይህንን እናውቅ ነበር እኮ! «የአንተ ኮምፒውተር ነው የሚያበላሸው» እየተባባልን ተጨቃጭቀናል። ሰዓቱ አራት ቦታ አራት ዓይነት ሲቆጥር ሰዓቱ ራሱ የለም ማለት እንደሆነ አልታየንም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። የላቲን ፊደል ድምፅ ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ክፍለ ቃል ይጽፋል። «ሰላም» በላቲን አምስት ፊደል ነው፣ በእኛ ሦስት። «ኢትዮጵያ» በላቲን ስምንት፣ በእኛ አምስት። «አዲስ አበባ» አሥር፣ በእኛ ስድስት። አፋችን የሚወስደው ጊዜ ግን ያው ነው። ስለዚህ የእኛ መስመር ሲታይ አጭር፣ ሲነገር ረጅም ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ የሚሞላ ጭቅጭቅ በአማርኛ ከገጹ ሁለት ሦስተኛ ላይ ያልቅና በቀረው ቦታ ሌላ ጭቅጭቅ ይጀመርበታል። ይህ የፊደላችን ጸጋ ነው፤ ወረቀት ይቆጥባል። ፕሮዲዩሰር ፊት ሲቀርብ ግን ዕዳ ነው፤ ስክሪፕቱ አጭር መስሎ ይታያል፣ በጀቱ በአጭሩ ይሰላል፣ በመጨረሻ የሰው ቡና ይቆረጣል።

ወረቀቱም አለ። እኛ የምንጽፈው ኤፎር ላይ ነው። ከአሜሪካው ወረቀት በቁመት ሁለት ሦስተኛ ኢንች ያህል ስለሚበልጥ፣ በኢንች 6 መስመር ሲሰላ በየገጹ አራት መስመር ያህል ይጨምራል። ትንሽ ናት፤ በ12 ገጽ ግን ወደ አንድ ገጽ ትጠጋለች።

«ታዲያ ለአማርኛም እኩል ስፋት ያለው ፊደል ይሠራ!» የሚል አይጠፋም፤ እኛም መጀመሪያ ያልነው እሱን ነው። ግን ይህ ነገር አንዴ ተሞክሯል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ማለት እሱ ነበር። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ጥያቄ ከኬትለር ጥያቄ እጅግ የከበደ ነው። ለሃያ ስድስት ፊደል የተሠራ መኪና ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል እንዴት ይሰፍራል? የተገኘው መፍትሔ ቅጥያ ነው። ዋናውን ፊደል ትመታለህ፣ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት ለብቻ ትለጥፍበታለህ። በየመሥሪያ ቤቱ አቧራ የለበሱትን የቆዩ ደብዳቤዎች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ የ«ቢ» እግር ከ«በ» ተነጥሎ፣ የ«ሌ» ቀለበት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ። ቀጭኗ «ነ» ሰፊ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ «ጧ» ደግሞ ጎኗን ተጨፍልቃ። እነዚያ መኪናዎች አገር አስተዳድረዋል፤ በፍርድ ቤትና በቀበሌ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚመቱት ሰዎችም ከእነሱ እንጀራ በልተዋል። መናቅ አይገባም። የፊደሉ መልክ ግን ዋጋ ከፍሏል፤ «የፊደላችን ቁጥር ይቀነስ» ለሚለው ክርክርም የመኪናው ጥበት አንዱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። መኪናው ጠበበ ተብሎ ፊደል ይቀነስ ማለት ጫማው ጠበበ ተብሎ ጣት እንደመቁረጥ ነው የሚመስለን።

ዛሬ ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ቦታ አለው፤ የጥበቱ ሰበብ አልቋል። ሙሉ በሙሉ አላለቀም እንጂ። ፕሮግራም የሚጽፉ ጓደኞቻችን በሚጠቀሙበት ጥቁር መስኮት ላይ ለቻይናና ለጃፓን ፊደል ሁለት ክፍል ይሰጠዋል፣ ሰፊ ነውና። ለእኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ። «ጬ» በ«አይ» ክፍል ውስጥ ስትገባ ምን እንደምትመስል እስኪ አስቡት። እዚያ ቦታ ላይ፣ ዓምድ ከዓምድ መሰለፍ ባለበት ቦታ፣ እኩል ስፋት ያለው ግዕዝ ያስፈልገናል፤ ሁለት ክፍል የሚሰጠው፣ እግሩም ቀለበቱም ሳይነጠል። ይህንን የሚሠራ ፎንት ሠሪ ቢገኝ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች እኛ ነን።

ለስክሪፕት ግን አያስፈልገንም። ገጹን ሰዓት ያደረገው የፊደሎቹ መተካከል ብቻ አይደለም፤ የሰዎቹ መስማማት ነው። ሁሉም በአንድ ፎንት፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ወረቀት ስለጻፈ ነው። እኛ አገር አንዱ በኒያላ 12፣ ሌላው በፓወር ግዕዝ 14፣ ሦስተኛው በስልኩ ይጽፍና ሦስቱም «90 ገጽ አለኝ» ይላሉ። የፊልም ማኅበራት ብዙ ነገር ይስማማሉ፤ አንድ ነፃ ፎንት መርጠው (ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለ፣ አቢሲኒካ አለ) «የአማርኛ ስክሪፕት በዚህ፣ በዚህ መጠን፣ በኤፎር» ቢሉ ምን ይከብዳል? ከዚያ ተሠርተው ያለቁ ሃያ ሠላሳ ፊልሞችን ስክሪፕት በዚያ ልክ አስገብቶ ከፊልሙ ርዝመት ጋር ማስተያየት ነው። የአማርኛ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። የእኛው አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆን ይሆናል፤ የሌላው ሌላ ይሆናል። በአራት ሰው ስክሪፕት ሕግ አይወጣም።

በነገራችን ላይ ኩሪየርን «ክላሲክ» ለመምሰል ብቻ ሜኑ ላይ የሚለጥፉ ካፌዎች ሰልችተውናል። ያውም የማኪያቶው ዋጋ ሳይሰለፍ! እኩል ስፋት ያለው ፎንት መርጦ ዋጋውን አለማሰለፍ እንዴት እንደሚቻል እስካሁን አልገባንም።

እስከዚያው እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ስክሪፕት ሲያልቅ አራታችን ተሰብስበን ድርሻ ተከፋፍለን ጮክ ብለን እናነባለን። ዝምታ ሲኖር ዝም እንላለን፤ በር ሲከፈት አንዳችን ተነሥተን በር እንከፍታለን። በየገጹ ግርጌ ሰዓቱን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ጎረቤት ያብዳል። ሁለተኛው ስክሪፕታችን 9 ገጽ ነው፤ ግርጌው ላይ 14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይላል።

የአክስታችንን ትዕይንት መልሰን አስገብተን የ19 ደቂቃውን ቅጂ በፍላሽ ወሰድንላቸው። ሁለቱ ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ፣ ቡናም ተፈላ። አዩት። ሲያልቅ «ታዲያ ያን ቀን ለምን አወጣችሁት?» አሉን። አንዳችን ስለ ፊደል ስፋት ማስረዳት ጀመረ፤ «አይ» ስለምትባል ቀጭን ፊደል፣ ስለ አሜሪካ ወረቀት። ጥቂት አዳመጡትና «ልጄ፣ ቡናው ረዝሟል ብትሉኝ ቶሎ አፈላው ነበር» ብለው ሁለተኛውን ቀዱልን።